ዋዛና ቁም ነገር በበርሊን

በአሶሳ ተወልዶ ላደገ ሰው «ውጭ አገር» የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው። አንደኛው ቅርብ ነው። ከከተማው ወደ ሰሜን በመኪና መንገድ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ኩርሙክ ይደርሳል፤ ከኩርሙክ ወዲያ ሱዳን ነው፤ እዚያ ያለውም ከተማ ስሙ ያው ኩርሙክ ነው። ሰላም በሆነ ዘመን በገበያ ቀን ሰውና ሸቀጥ ከወዲህ ወዲያ ይመላለሳል፤ ዘመድ ዘመዱን ይጠይቃል፤ «ውጭ አገር ሄጄ መጣሁ» የሚል ግን አንድም ሰው አይገኝም። ሁለተኛው ውጭ አገር ሩቅ ነው፤ በአውሮፕላን ይኬዳል፣ ካፖርት ይለበሳል፣ ተመልሶ የመጣውም ሰው ለጥቂት ወራት ከአነጋገሩ ይታወቃል። በዚህ ጽሑፍ ላወጋ የተነሣሁት ስለ ሁለተኛው ነው፤ ነገር ግን አንባቢ እንደሚያየው የመጀመሪያው ከኋላዬ ተከትሎ በርሊን ድረስ መጥቷል።

የሄድሁት ለአንድ መንፈቀ ዓመት ብቻ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።) ከእኛ በፊት የነበረው ትውልድ ወደ አውሮፓ ሲላክ ለአራትና ለአምስት ዓመታት ነበር። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ወደ ጀርመን ዴሞክራቲክ ሪፑብሊክ ከተጓዙት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በመጀመሪያ ላይፕሲግ በነበረው የሄርደር ኢንስቲትዩት ጀርመንኛ ይማሩና ከዚያ በኋላ በየሙያቸው ተሠማርተው ዲግሪ ይዘው ይመለሱ ነበር። የዛሬው ልማድ ሌላ ነው። በ1987 የአውሮፓ አገሮች ተማሪዎቻቸውን እርስ በርስ ለመለዋወጥ ያቋቋሙት የኤራስመስ ፕሮግራም ከጊዜ በኋላ ኢትዮጵያን ለመሰሉ አገሮችም በሩን ከፍቷል። ተማሪው በአገሩ ዩኒቨርሲቲ እንደተመዘገበ ይቆያል፤ የአንድ መንፈቀ ዓመት ትምህርት በውጭ አገር ተከታትሎ ያገኘው ነጥብ በአገሩ ይቆጠርለታል፤ ከዚያም ተመልሶ በለቀቀው ወንበር ላይ ይቀመጣል።

በአሶሳ የማውቃቸው፣ በላይፕሲግ የተማሩ አንድ ሽማግሌ መምህር ነገሩን ስነግራቸው ሳቁ። «አራት ወር? ልጄ፣ አራት ወር ብርዱን ለመልመድም አይበቃ!» አሉኝና ሠላሳ ዓመት በሣጥን የኖረ ካፖርታቸውን አውጥተው ሰጡኝ። ስለ ብርዱ እውነታቸውን ነበር። ስለ ትምህርቱ ግን እስከ ዛሬ አልስማማም። አምስት ዓመት የቆየ ሰው የሄደበትን ጥያቄ ረስቶ በሌላ ጥያቄ ይመለሳል፤ ጎረቤቶቹም ረስተውታል። የአራት ወር ተማሪ የሚመለሰው ጥያቄው ሳይቀዘቅዝ ነው።

ደግሞስ ከታሪካችን ውስጥ እጅግ ፍሬያማ የሆነው የአውሮፓ ቆይታ ስንት ጊዜ የፈጀ ይመስላችኋል? አባ ጎርጎርዮስ የተባሉት የመካነ ሥላሴ ካህን ከጀርመናዊው ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር የተዋወቁት በ1649 በሮም ነው። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርነስት ጋብዘዋቸው ወደ ጀርመን አገር ተሻግረው በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት የሰነበቱት የአንድ ክረምት ወራት ብቻ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም። ቤተ መንግሥቱ ራሱ ገና ተሠርቶ አላለቀም ነበር። ከዚያች አጭር ጊዜና ከዚያ በኋላ በግእዝ ከተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች የተገኘው ዕውቀት ግን በ1681 ለታተመው የኢትዮጵያ ታሪክና በ1698 ለታተሙት የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት መሠረት ሆነ። አባ ጎርጎርዮስ ይህን ሁሉ አላዩም፤ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከብ ተሰብሮ ባሕር ውስጥ ቀሩ። እንግዲህ ከሁለቱ ተማሪው ማን ነበር፣ መምህሩስ? ከ1905 እስከ 1908 በበርሊን የምሥራቅ ቋንቋዎች ሴሚናር ግእዝና አማርኛ ያስተማሩትን አለቃ ታዬ ገብረ ማርያምንም ሳስብ ይኸው ጥያቄ ይመላለስብኛል። አውሮፓ ስንሄድ እንድናመጣ ብቻ ሳይሆን እንድንሰጥም እንጠየቃለን፤ የምንሰጠው ነገር ደግሞ የማን ነው?

በርሊን የደረስሁት በጥቅምት 2019 ነው። ስለ ከተማዪቱ ብዙ አልናገርም፤ ብዙዎች ጽፈውባታል። እኔን ያስደነቀኝ ብርሃኑ ነው። በአሶሳ በበጋም በክረምትም ፀሐይ የምትወጣበትና የምትጠልቅበት ሰዓት ብዙም አይናወጥም። በበርሊን ግን በታኅሣሥ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል፤ ሰውም ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ይቀጥላል። ሁለተኛው ነገር «የዩኒቨርሲቲ ሩብ ሰዓት» የሚሉት ነው፤ በአራት ሰዓት ይጀመራል ተብሎ የተጻፈ ትምህርት የሚጀመረው አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፤ ይህም በሕግ የታወቀ መዘግየት ነው እንጂ እንደ እኛው በይሉኝታ የሚታለፍ አይደለም። ሦስተኛ፣ መምህሩ ሲጨርስ ተማሪዎች አያጨበጭቡም፤ በጣታቸው አንጓ ጠረጴዛውን ይቆረቁራሉ። በመጀመሪያው ቀን ሰዎች በር የሚያንኳኩ መስሎኝ ወደ በሩ ዞርሁ።

በየመግቢያው የሚቀርበው ጥያቄ «ከየት ነህ?» የሚል ነበር። ኢትዮጵያ ስል ላሊበላን ያነሡልኛል። አሶሳ ስል ዝም ይላሉ። ለእኔ ደግሞ ጥያቄው በአገሬም ቀላል አልነበረም። ወላጆቼ በ1984 እና በ1985ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ ወደ አሶሳ በሠፈራ ከመጡት ወገኖች ናቸው፤ የተወለድሁትም ስማቸው በቁጥር ከሚጠራው የሠፈራ መንደሮች በአንደኛው ነው። እናቴ እስከ ዛሬ «አገሬ» ስትል የወሎን ተራራ ማለቷ ነው። እኔ ግን ተራራ የማውቀው በሥዕል ነው፤ የማውቀው የሽመል ጫካ፣ የማንጎ ጥላ፣ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ፣ ከጎረቤት ልጆች የለቀምሁት በርትኛና የገበያ ዐረብኛ ነው። በየበዓሉ ሌሊት ከበርታ መንደር የሚሰማው የዋዛ ድምፅም ከዚሁ ጋር ይቆጠራል።

በአማርኛ ዋዛ ቀልድ ማለት ነው፤ «የዋዛ ነገር አይደለም» እንላለን። በበርታዎች ዘንድ ግን ዋዛ ከቅል የሚሠራ የትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ ቀልድነትም የለውም። አንገተ ረጅም የቅል ክፍሎች አንዱ ባንዱ ውስጥ እየተሰኩ መለከት ይሠራሉ። ትንሹ ከክንድ ብዙ የማይበልጥ ሲሆን ትልቁ የሰው ቁመት ያህላል። በአንድ ቡድን አሥር ወይም አሥራ ሁለት ያህል መለከቶች ይሰለፋሉ። ነገሩ ሁሉ ያለው ግን እዚህ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ መለከት የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው በማንም ዘንድ የለም። የመጀመሪያው ነፊ ድምፁን ጥሎ ዝም ሲል ሁለተኛው ይቀበለዋል፣ ሦስተኛው ይከተላል፣ እንዲህ እየተወራረሱ ነው ዜማው ከመካከላቸው የሚወጣው። አንድ ሰው ቢጎድል ዜማው ጥርሱ እንደ ወለቀ አፍ ይሆናል። ክራሩን ታቅፎ ለብቻው የሚያንጎራጉር ሰው በአገራችን ብዙ ነው፤ ዋዛን ለብቻው የሚነፋ ሰው ግን ሊኖር አይችልም።

በሙዚቃ ጥናት ክፍል ለተከታተልሁት ሴሚናር የመረጥሁት ርእስ ይኸው ነበር። መምህሯ ደስ ብሏቸው ወደ ቤተ መጻሕፍት ላኩኝ፤ በዚያም ያልጠበቅሁት ነገር ቆየኝ። የበርሊን የድምፅ ቤተ መዛግብት የተመሠረተው በ1900 ነው፤ ካርል ሽቱምፍ የተባሉት ፕሮፌሰር ለትርኢት የመጣ የሲያም የቴአትር ቡድን ሙዚቃ በሰም ሲሊንደር በቀረጹ ጊዜ። ስብስቡ ከጊዜ ወደ ጊዜ እያደገ ከዓለም ዙሪያ በሺህ የሚቆጠሩ ሲሊንደሮችን ያዘ። ለብዙ ዓመታት የመሩት ኤሪክ ፎን ሆርንቦስቴል እናታቸው አይሁዳዊት በመሆናቸው በ1933 ከሥራቸው ተባረሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከበርሊን ወደ ሌላ ቦታ የተሸሸገው ስብስብ በሶቪየት ጦር እጅ ገብቶ ሌኒንግራድ ደረሰ፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ በርሊን ተመለሰ፣ ከሁለቱ ጀርመኖች መዋሐድ በኋላም በ1991 ወደ ቀድሞ ቤቱ ገባ። በ1999 ዩኔስኮ በዓለም የመታሰቢያ መዝገብ አስፍሮታል። ድምፅም እንደ ሰው ይሰደዳል ማለት ነው።

የቤተ መዛግብቱ ኃላፊ የነበሩት ፕሮፌሰር አርቱር ሲሞን በሱዳን የብሉ ናይል አውራጃ በሚኖሩት በርታዎች ዘንድ ተገኝተው የዋዛን ሙዚቃ ቀርጸዋል፤ በ1989ም ስለ በርታዎች የመለከትና የዋሽንት ቡድኖች ጥናት አሳትመዋል። ለሕዝብ የቀረበውን ቅጂ በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። ውጭው ጨልሟል፤ በመስኮቱ በረዶ ይታያል። በጆሮዬ ውስጥ ግን የልጅነቴ ሌሊት ገባ፤ ትልቁ መለከት ከሥር ሲያጓራ፣ ትንንሾቹ ከላይ ሲቀባበሉ። ናፍቆት ስለሚባለው ነገር ባለቅኔዎች ብዙ ብለዋልና እኔ አልጨምርበትም።

በዚያ ሴሚናር ውስጥ አንድ ሱዳናዊ ተማሪ ነበር፤ የካርቱም ልጅ። ርእሴን ሲሰማ «ዋዛ እኮ የእኛ ነው» አለኝ። እኔም «የእኛ ነው» አልሁት። እሱ ቀረጻው በሱዳን ምድር የተደረገ መሆኑን አስረጅ አደረገ፤ እኔ በአሶሳ በየበዓሉ እንደሚነፋ ተናገርሁ። ክርክሩ ከመማሪያ ክፍል ወደ ተማሪዎች መመገቢያ አዳራሽ፣ ከዚያም ወደ ባቡር ጣቢያ ተሸጋገረ፤ በጥቂት እንግሊዝኛና በብዙ ዐረብኛ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ከሁለታችን በርታ የሆነ አልነበረም። እሱ የከተማ ልጅ ነው፣ እኔ የወሎ ሠፋሪ ልጅ። የሰው ቅል ይዘን የምንታገል ሁለት ጎረቤቶች ሆንን። በመጨረሻ አሶሳ ለሚገኝ፣ አብሮ አደጌ ለሆነ አንድ የበርታ ተወላጅ መምህር ስልክ ደውለን ዳኝነት ጠየቅነው። እስኪበቃው ሳቀ። «የአያቴ ወንድሞች ግማሾቹ ከኩርሙክ ወዲያ ናቸው፣ ግማሾቹ ወዲህ። እናንተ ተከራከሩ፤ እኛ ገበያ እንሄዳለን» አለንና ስልኩን ዘጋው።

ይህ መልስ ከቀልድነቱ በላይ ስለሠራብኝ በቀሩት ሳምንታት የአካባቢያችንን ታሪክ ስከታተል ከረምሁ። ቤላ ሻንጉልን በዓይኑ አይቶ ከጻፉት አውሮፓውያን ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ፈረንሳዊው ፍሬዴሪክ ካዮ ነው፤ እሱም የመጣው በ1821 እና በ1822 ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ከዘመተው ከግብፅ ጦር ጋር ነበር። መጀመሪያ የተጻፍነው እንግዲህ ከዘማች ጎን በተቀመጠ ብዕር ነው። በ1897 እና በ1898 የራስ መኰንን ዘመቻ አካባቢውን ከዐፄ ምኒልክ መንግሥት ጋር አዋሐደው፤ በግንቦት 1902 በዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የተፈረመው ውል ደግሞ ዛሬ የምናውቀውን ወሰን አሰመረ። ያ መሥመር በበርታ አገር መካከል ያልፋል። ኢጣሊያዊው የታሪክ ሊቅ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ በ1981 በኔፕልስ ያሳተሙት መጽሐፍ ስለ ጨው፣ ስለ ወርቅና ስለ ሥልጣን የሚተርከው ስለዚሁ ምድር ነው፤ በንዑስ ርእሱም ቤላ ሻንጉልን ማንም የእኔ የማይለው አገር ታሪክ መቅድም ይለዋል። የስፔን የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎችም በአሶሳ አካባቢ በዋሻ ጥላዎች ሥር ያገኟቸውን የድንጋይ ዘመን መሣሪያዎች በ2007 ለዓለም አስታውቀዋል። ይህን ሁሉ ያነበብሁት በርሊን ነው። እውነቱን ለመናገር ደስታና ቁጭት ባንድ ላይ ተሰሙኝ፤ የቤቴን ታሪክ ለማንበብ ይህን ያህል ርቄ መሄዴ የማንም ጥፋት ነው ባልልም ቀላል ነገር አይደለም።

ጽሑፌን የማቀርብበት ቀን ደረሰ። በወረቀት ላይ ማስረዳት እንደማይበቃ ስላየሁ መምህሯን አስፈቅጄ አሥራ አንድ የቢራ ጠርሙሶች ሰብስቤ በየመጠኑ ውኃ ጨመርሁባቸው፤ የጠርሙስ አፍ ሲነፋ እንደ ውኃው ልክ የተለያየ ድምፅ ያወጣልና። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ጠርሙስ ደረሰው። ሁሉም ኖታ ማንበብ የሚችሉ፣ አንዳንዶቹም ፒያኖ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የተማሩ ናቸው። ተራቸውን በቁጥር ጻፍሁላቸው፤ ጀመርን። ፈረሰ። ደግመን ጀመርን፤ ፈረሰ። እያንዳንዱ በልቡ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ የራሱን ተራ ይጠብቃል፤ ተራው ሲደርስ ይነፋል፤ የጎረቤቱን ድምፅ ግን አይሰማም። አንዱ በግማሽ ምት ሲዘገይ የቀሩት ሁሉ ተደናበሩ። አንዲት ጀርመናዊት ልጅ «እኔ ምን እየተጫወትሁ እንደሆነ አላውቅም፤ የያዝሁት አንዲት ድምፅ ብቻ ናት» ብላ አማረረች። ቅሬታዋ ትክክል ነበር፤ የዋዛ ፍሬ ነገርም ያ ነው።

ያን ጊዜ ባላጋራዬ የነበረው ሱዳናዊ ተነሣ። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ገፋና ሁላችንም በክብ እንድንቆም አደረገ፤ ጠርሙሱን እንደያዘ መራመድ ጀመረ። እግሩን ሲያነሣ ተከተልነው። እየተራመድን ስንነፋ ቁጥሩ ተረሳ፤ እግር ቆጠረልን። ምናልባት ለግማሽ ደቂቃ፣ ከዚያ አይበልጥም፣ ከማናችንም ያልወጣ ዜማ ከመካከላችን ወጣ። ከዚያ አንዱ ሳቀና ሁሉም ፈረሰ። ጠረጴዛዎቹ ሲቆረቆሩ በዚያ ቀን ትርጉሙን አውቄዋለሁ። እሱና እኔም ከዚያ ወዲያ ዋዛ የማን ነው ብለን አልተከራከርንም፤ ስምምነት ላይ ስለደረስን ግን አይደለም።

የተመለስሁት በየካቲት መጨረሻ 2020 ነው። ሳልደላደል በመጋቢት የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን ገባና ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከዚያ በኋላ ደግሞ በክልላችን፣ በተለይም በመተከልና በካማሺ፣ ሰዎች በየቤታቸው የተገደሉበትና ብዙ ሕዝብ የተፈናቀለበት መከራ ሆነ፤ በወለጋ በኩል የሚወስደው መንገድም ለረጅም ጊዜ ሰላም አጣ። «አንተ ከየት ነህ?» የሚለው ጥያቄ በበርሊን የትውውቅ ወግ ነበር፤ በዚያ ዘመን በእኛ ዘንድ ሰው የሚኖርበትና የሚሞትበት ጥያቄ ሆኖ ነበር። ቁጥር ባላቸው መንደሮች የምንኖር ሁሉ ይህን አንረሳውም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ቅል መለከት ማሰብ ለአንዳንዱ ዋዛ ይመስለው ይሆናል። ለእኔ በተቃራኒው ነበር።

በ2021 ክረምት ያ በስልክ የሳቀብን ወዳጄ ከአሶሳ ብዙ በማይርቅ መንደር ወደሚኖሩ አንድ አዛውንት የዋዛ ነፊ ወሰደኝ። ያመጣሁትን ድምፅ ከፈትሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ጀመር፤ እያንዳንዱ መለከት ሲገባ ጣታቸውን እያነሡ በስሙ ጠሩት። እኔ በበርሊን ያንን የሚያህል ጊዜ ሰምቼ ሁለቱን ከሁለቱ መለየት ያልቻልኋቸውን እሳቸው እንደ ልጆቻቸው ለዩአቸው። ሙዚቃው ግማሽ ላይ ሲደርስ ግን እጃቸውን አንሥተው «ዝጋው» አሉኝ። «ምነው አባቴ፣ አልወደዱትም?» ብላቸው «እህሉ ገና በማሳ ነው። ይህ ከአጨዳ በኋላ የሚሰማ ነው፤ የቀረውን ያን ጊዜ ታሰማኛለህ» አሉ። በበርሊን ማንም ሰው በየትኛውም ወር ሊሰማው ይችላል። እሳቸው ዘንድ ድምፁ ወቅት አለው። ማሽላው ከገባ በኋላ ተመልሼ የቀረውን አሰማኋቸው፤ ሲያልቅም «የነፉት እነማን ናቸው? ዛሬስ የት አሉ?» ብለው ጠየቁኝ።

የዚህን መልስ እኔ አልነበረኝም። በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ተነሣ፤ ከብሉ ናይል የሸሸው ሕዝብ በኩርሙክ በኩል ወደ እኛ ይጎርፍ ጀመር። እኔም በትምህርት ሥራ ምክንያት ወደ ስደተኞቹ መጠለያ በሄድሁ ጊዜ ድምፁን ይዤው ነበርና አንድ ጎልማሳ በርታ አሰማሁት። ከሱ የጠበቅሁት ለቅሶ ነበር፤ ነገር ግን እንደ ባለ ሙያ አዳምጦ «የእኛ መንደር አይደለም፤ ከእኛ ወዲያ ያሉት ናቸው፤ የእኛ ከዚህ ይፈጥናል» አለኝ። የሱ ቡድን መለከቶች በጣራ ሥር ተሰቅለው እንደ ቀሩ፣ ከነፊዎቹም ሦስቱ እዚሁ መጠለያ እንዳሉ፣ የሌሎቹን እንደማያውቅ ነገረኝ። ስለ ቀረጻው፣ ስለ በርሊን፣ ስለ እኔም ብዙ አልጠየቀም። የጠየቀው ስለ አፈሩ ነው፤ አንገቱ የሚረዝመው ቅል በአሶሳ ይበቅል እንደሆነ። ይበቅላል አልሁት። ዘሩን ከአሶሳ ገበያ ፈልጎ የላከለት ያ ወዳጄ ነው፤ የተዘራውም ዝናቡ እንደ ጀመረ ነው።